ግድግዳ የተደገፈው ልጅ

ገና ስታየው ፈገግ አለችለት፤ ያውም እንደ ሥጋ ዘመድ! እሱ የቴሌቪዥን ጣቢያው እንግዳ መቀበያ ውስጥ ተቀምጧል፤ እሷ የምሳ ዕቃዋን ይዛ ከደረጃው እየወረደች ነው።

«እንተዋወቃለን እንዴ?» አላት ግራ ገብቶት።

አይተዋወቁም። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ፊቱን ስታይ ኖራለች። ጣቢያው ውስጥ የዜና ምስል እየቆረጠች የምትቀጥለው እሷ ናት። ስለ ወጣቶች ክፉ ዜና መጥቶ የሚታይ ነገር ሲጠፋ፣ ከማኅደር የምትመዛት አንዲት ቁራጭ አለች። ሦስት ልጆች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ መሀለኛው አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይስቃል። ሱስ ሲባል እሱ፣ ቁማር ሲባል እሱ፣ ስርቆት ሲባል እሱ። ያ መሀለኛው ልጅ ይኸው ፊቷ ቁጭ ብሏል።

«ምስሌን የሚያወጣውን ሰው ፈልጌ ነው» አለ። «የትምህርት ቤት መኪና ሹፌር ነኝ። ትናንት ሕፃናትን ዕፅ ስለሚያስለምዱ ወጣቶች አወራችሁ። መሀል ላይ እኔ እስቃለሁ። ዛሬ ጠዋት ወላጆች ልጆቻቸውን ከመኪናዬ አወረዱ።»

እኔ ነኝ ማለት ነበረባት። አላለችም።

«ና፣ አለቃችን ጋ ልውሰድህ» አለችው።

አለቃው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ነበር። ቀና እንኳ አላለም።

«ስምህን ጠርተናል?»

«አልጠራችሁም። ግን ስለ ዕፅ እያወራችሁ እኔን አሳያችሁ።»

«ማሟያ ምስል ነው፣ ወንድሜ። ወጣት ወጣት ነው፤ ማን ለይቶ ያየዋል?»

«የሰፈሬ ሰው በሙሉ ለይቶ አየኝ።»

«እንግዲህ ግድግዳ ተደግፈህ አትቁማ» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። ከዚያ ልጁን ከላይ እስከ ታች ገመገመው። «መልክህ ግን ለካሜራ ነው። ለምንሠራው ድራማ ቀማኛ ሆኖ የሚጫወት ቸግሮናል፤ ትሞክራለህ?»

ልጁ ፊቱን አዙሮ ወጣ። አለቃው ድሮም እንዲህ ነው፤ ትናንትም እንዲህ ሲል አብራው ስቃለች። ያን ቀን ግን ስንጥሩም፣ ሳቁም፣ ከሁሉ በላይ የራሷ ዝምታ አስጠላት። አፏ ውስጥ የበሰበሰ ነገር ያለ መሰላት።

በሩ ላይ ደረሰችበት።

«ያኔ... ምን ነበር ያሳቀህ?»

«እናቴ ቀዶ ጥገና ገብታ፣ ከወንድሞቼ ጋር ሆስፒታሉ በር ላይ ስንጠብቅ ነበር። ሐኪሙ ወጥቶ ተርፋለች አለን። ካሜራ መኖሩንም አላየሁም።»

የወላጆች ኮሚቴ ጉዳዩን እስኪያይ ድረስ ሹፌሩ ከሥራ ታገደ። እሷም ወደ ሥራው እንዲመለስ አቤቱታ አብራው ጻፈች፤ ቢሮ ለቢሮ አብራው ተንከራተተች። በየወንበሩ ላይ ተራ ሲጠብቁ ያወሩ ነበር።

«ፊልም ሳይ ይገርመኛል» አላት አንድ ቀን። «የእኔ ዕድሜ ሰው ወይ ይሰርቃል፣ ወይ ይሰክራል፣ ወይ እናቱን ያስለቅሳል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥቶ የሰው ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ አንድም የለም።»

«እሱ አይሸጥማ...»

«አንቺ ግን ከእነሱ አይደለሽም» አላት። እጇንም ያዘ።

ወደደችው። ወደዳት። እናቱ ቤት ወሰዳት፤ እናትየው በእጃቸው አጎረሷት። «ልጄ ሰው ሁሉ ፊቱን ሲያዞርበት አንቺ ብቻ ቆምሽለት፤ ፈጣሪ ይቁምልሽ» ብለው መረቋት። ከዚያች ቤት ስትወጣ ራሷን እንደዚያ ተጸይፋ አታውቅም።

መንገድ ላይ ነገረችው።

«ያቺን ምስል የምመርጠው እኔ ነኝ።»

ቆመ። «ስንት ምስል አላችሁ?»

«መቶ ያህል።»

«ከመቶው ለምን እኔን?»

«ሳቅህን ስለምወደው... ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር።»

«ወደድሽኝና አዋረድሽኝ?» አለ በቀስታ። «አለቃሽስ አያውቀኝም። አንቺ የእናቴን ጉርሻ ጎረስሽ።»

ጥሏት ሄደ። ተከትላው አልሮጠችም፤ በምን ፊቷ?

በማግስቱ ሙሉውን ቀረፃ ከማኅደር አወጣች። ሦስት ዓመት ሙሉ ከአራት ሰከንድ በላይ አይታው አታውቅም። ለካ ከሳቁ በፊት ነጭ ጋውን የለበሰ ሐኪም አለ። ከሳቁ በኋላ ሦስቱ ወንድማማቾች ተቃቅፈው እንደ ሕፃን ይነፋረቃሉ። ሳታውቀው የምትቆርጠው ልክ ልቅሶው ሊጀምር ሲል ነበር።

ቀረፃውን ገልብጣ ይዛ ወጣች። የጣቢያውን ንብረት ያለ ፈቃድ ማውጣት እንጀራ እንደሚያሳጣ አሳምራ ታውቃለች።

ቅዳሜ ጠዋት ኮሚቴው ፊት ቆመች። ሹፌሩ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ቀና ብሎ አላያትም።

«ቆርጬ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «ይኼ ሰው ዕፅ አልሸጠም፣ አልገዛም። ሙሉውን እዩት።»

ወላጆቹ እስከ ልቅሶው ድረስ አዩ። ከመሀላቸው አንዲት እናት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ መኪናውን በመጀመሪያ ያስቆመችው እሷ ነበረች። ሊቀመንበሯ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የአንቺ ነገር» አሏት። «ቢሆንም መጥተሽ ነግረሽናል።» ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞሩ። «እኛም አጥፍተናል፣ ልጄ። ሰኞ ልጆቹን አንተው ታመጣቸዋለህ።»

እሷ ሰኞ የስንብት ደብዳቤዋን ተቀበለች። አለቃው «ለአንድ ተራ ወጣት ብለሽ!» አላት። «እኔም ተራ ወጣት ነኝ» ብላው ወጣች።

ሹፌሩ ልጆቹን አውርዶ ጣቢያው በር ላይ እየጠበቃት ነበር። ፊቱ አልተፈታም።

«ገና ይቅር አላልኩሽም» አላት።

«አውቃለሁ።»

«አንዳንዴ ሳስብሽ ትቀፊኛለሽ።»

«እኔም ራሴን እጸየፋለሁ።»

የመኪናውን ቁልፍ በእጁ አገላበጠ።

«ይቅር እስክልሽ ድረስ ግን... ሩቅ አትሂጂብኝ።»

አልሄደችም። ዓመት ሳይሞላ ተጋቡ፤ ይቅርታው የመጣው ከሠርጉ በኋላ ነው።