የሚተነፍሰው ጀልባ

የኑሪን አስከሬን በመሕረስ ወደብ፣ በጀልባውና በማቆሚያው ድንጋይ መካከል ሲንሳፈፍ ያገኙት ጎህ ሲቀድ ነው። ማጅራቱ ተፈንክቷል። መርማሪ ባያ ስትደርስ ግን ሰዉ ከሬሳው ይልቅ የፈራው ባዶውን ጀልባ ነበር።

«ይተነፍሳል» አላት መካኒኩ ቲጃኒ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ። «ጸጥ ብሎ ይቆይና እፎይ ይላል። የኑሪ ነፍስ ናት፤ አልሄድም ብላለች።»

ጀልባው አንድ ሳምንት ሙሉ የብረት ፍርግርግ ሲፈትን ነበር የከረመው። ፍርግርጉ ጀልባው በሚጎትተው መረብ አንገት ላይ ይገጠማል፤ ሽሪምፕ በዘንጎቹ መሃል ያልፋል፤ ኤሊና ትልልቅ ዓሣ ከብረቱ ተላትመው ከላይ ባለው ቀዳዳ ያመልጣሉ። ኑሪ ሥራው የተያዘውን መመዘንና መመዝገብ ነበር።

ባያ በካፒቴን ሙቅዳድ ጀመረች።

«ፍርግርጉን ይጠሉት ነበር አሉ።»

«ዛሬም እጠላዋለሁ፣ ልጄ። ሽሪምፔ በዚያ ቀዳዳ ሾልኮ ካለቀ ምን ልበላ ነው? ኑሪን ግን ማን ይጠላል!»

ፍርግርጉን የፈጠረው መሐንዲስ ሻዝሊ ሰማያዊ የክር ጥቅል ካለበት የመሣሪያ ሳጥኑ መዝገቡን አውጥቶ ዘረጋላት። «ይኸው፣ ፍርግርግ ያለውም የሌለውም መረብ እኩል ሽሪምፕ ነው የያዙት። እንዲህ ባለ ውጤት ማን ይጣላል? አዳልጦት ነው።»

በዚህ መሃል ከጀልባው ሆድ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። ቲጃኒ ቁርኣን እያነበነበ ወደ ኋላ ሸሸ። ባያም ጸጉሯ ቆመ። ቢሆንም ብቻዋን ወረደች።

ከእርጥብ መረብ ክምር ሥር የኑሪ ጃኬት የተጣለባት የባሕር ኤሊ ተጋድማ ነበር፤ ከመስጠም ለጥቂት የተረፈች። ባያ ጎንበስ ብላ የጀርባዋን ቅርፊት በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ፍርግርጉን ለካች፤ የቀዳዳውንም ጠርዝ መረመረች።

ሦስቱንም ጀልባው ላይ ሰበሰበቻቸው።

«የኤሊዋ ቅርፊት ላይ የዘንግ ጭረቶች አሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከፍርግርጉ ዘንጎች ጋር ልክ ነው። ብረቱን ተላትማ ለምን አላመለጠችም? ቀዳዳው ተሰፍቶ ስለነበር። ዛሬ ክፍት ነው፣ ጠርዙ ላይ ግን የተቆረጠ ሰማያዊ ክር ቀርቷል።»

«እኛ የምንሰፋው በጥቁር ነው!» አለ ካፒቴኑ።

«አውቃለሁ። ሰማያዊው ከመሐንዲሱ ሳጥን ነው። ደግሞም ቀዳዳው ሲደፈን ሽሪምፕ አያመልጥም፤ ፍርግርጉ እንከን የለሽ ይመስላል። እርስዎ፣ ካፒቴን፣ ፍርግርጉ ፈተናውን እንዲወድቅ ነበር የሚፈልጉት። እንዲያልፍ የፈለገው አንድ ሰው ብቻ ነው። ኑሪ ኤሊዋን ሲያገኝ ነገሩ ገባው፤ ለማስረጃም ደበቃት።»

ሻዝሊ በሐሳብ ጭልጥ ብሎ ባሕሩን ያይ ነበር።

«ገፋሁት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም» አለ። «ድንጋዩን ሲመታ የሰማሁት ድምፅ… እስካሁን እሰማዋለሁ። ከዚያ ክሩን ቆረጥኩ።»

ኤሊዋን ካፒቴኑ በገዛ እጁ ወደ ውኃ መለሳት። በሳምንቱ ማንም ሳያዘው ፍርግርጉን ገጥሞ፣ ቀዳዳውን ክፍት አድርጎ ወጣ፤ ሲመለስም ውጤቱን ለባያ ሰጣት። ከመቶ ኪሎ ሽሪምፕ ያመለጠው ሁለት ኪሎ ብቻ ነበር።

ወረቀቱን ሻዝሊ ወዳለበት ወኅኒ ቤት ወሰደችለት። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ኑሪም ያን ዕለት ይኼንኑ ነበር ያለኝ» አላት። «‹ስፌቱን ፈተህ ሞክረው፣ ወንድሜ፤ ይሠራል› አለኝ።»