ቡሬ ላም ወይስ ቡሬ ከተማ

እትዬ የሻረግ ጎህ ሲቀድ በረቱን ሲከፍቱ ላሟ የለችም። ገመዱ አልተበጠሰም። ተፈትቶ፣ በወጉ ተጠቅልሎ፣ ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል።

«ጅብ ገመድ አይጠቀልልም» አሉ።

መጀመሪያ የጠረጠሩት ጎረቤታቸውን ሀምዛን ነው። ሥጋ ሻጭ ነዋ! አጥሩም ላይ ትኩስ ቆዳ ተሰጥቷል።

«አንተ ሀምዛ! ላሜን በልተህ አፍህን ጠረግህ?»

«እትዬ፣ ቆዳውን ይዩት እንጂ! ቀይ በሬ ነው። ላምዎ ቀይ ናት?»

አይደለችም። ቢያፍሩም አላመኑም። «ለማንኛውም ፊትህ ደስ አይልም» ብለውት ተመለሱ።

የወንድማቸው ልጅ ሰሎሜ ፍለጋ ወጥታ ውላ፣ ሲመሽ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ባዶ እጇን ገባች። ማንኪራ ጫካ ድረስም ሰው ላኩ። ወሬ የለም። የቦንጋ መምህራን ወተት የሚገዙት ከዚያች ላም ነው። እሷ ከሌለች የሻረግ የሰው እጅ ሊያዩ ነው፤ ይህን ደግሞ ከሞት አብልጠው ይጠላሉ።

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ሰሎሜ ክንዳቸውን ይዛ መንገዱን ሁሉ ታለቅሳለች።

«አንቺ ዝርክርክ፣ ላሟ የኔ፣ እንባው ያንቺ?»

መርማሪው ሳምሶን ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ኮምፒውተሩን ወደ እሳቸው አዞረ።

«በዞኑ ገበያ የተሸጠ ከብት ሁሉ እዚህ ሲስተም ውስጥ አለ። ቤትዎ እንደሚያወሩት ይጠይቁት፤ ፈልጎ በድምፅ ይመልስልዎታል።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቡሬ ላሜ የት ገባች?»

«ከቡሬ ከተማ የመጣ ላም አልተመዘገበም» አለ ሣጥኑ።

«ማን ስለ ከተማ ጠየቀህ? ጎጃም ምን አገባኝ! ቡሬ ላም ነው ያልኩህ!»

«ይቅርታ፣ ከቡሬ ከተማ የመጣ...»

የሻረግ ግራ ገባቸው። ሳምሶንም ግራ ገባው። አማርኛ የጠፋው ከሣጥኑ ነው ወይስ ከሳቸው?

«አይቷት ለማያውቅ ሰው እንደሚነግሩ አድርገው ይንገሩት» አላቸው።

«ቡሬ መልኳ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር። ግራ ቀንዷ ወደ ጆሮዋ የዞረ።»

«አንድ ተገኝቷል። ደካ ገበያ፣ ትናንት። ሻጭ፦ ብርቄ የምትባል ሴት። የሻጭ ማሳሰቢያ፦ ስትታለብ ‹እመቤቴ› ካላሏት ባልዲውን ትራገጣለች።»

«ብርቄ? ብርቄ የምትባል ሌባ አላውቅም!»

ሳምሶን ስሙን ትቶ ማሳሰቢያው ላይ ቆመ። «ስም ይፈጠራል እትዬ። ‹እመቤቴ› እንደሚሏት ግን ማን ያውቃል?»

«እኔና ላሟ።»

«እርስዎ ሲታመሙስ ማን ያልባታል?»

የሻረግ ቀስ ብለው ዞሩ። ሰሎሜ ማልቀሷን ትታለች።

«ገና ሳይነጋ አይሱዙ ላይ የጫንኳት እኔ ነኝ አክስቴ። ገዥው እንዳይመታት ብዬ አመሏን ነገርኩት። ብሩን አልነካሁም።»

«ምን አጎደልኩብሽ? አልበላሽም? አልለበስሽም?»

«ላሟን እመቤቴ ይሏታል። እኔን አንቺ ዝርክርክ። እናቴ ያወጣችልኝን ስም አንድ ቀን ጠርተውት ያውቃሉ? እሷ ብትሄድ እኔን የሚያዩኝ መሰለኝ።»

ሳምሶን እስክሪብቶ አነሳ።

«የተከሳሿን ስም ይንገሩኝ፣ እትዬ።»

ስሙ ምላሳቸው ላይ መጣ። ዋጡት።

«ስሟን መጀመሪያ የምጠራው ለፖሊስ ነው እንዴ!» ብለው ምርኩዛቸውን አነሱ። ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ሰሎሜ። ብሩን ያዥና ተነሺ፣ ደካ ሄደን ላሟን እንመልስ። መንገድ ላይ ግን የምነግርሽ አለኝ!»

«እትዬ፣ ክሱስ?» አለ ሳምሶን።

«ቡሬ ከተማን ክሰሳት!»