አንደኛ ማርሽ ገብቶ የተንከባለለው ትራክተር

ሬሳው ከተነሳ ሁለት ቀን ሆኖታል። ትራክተሩ ግን እዚያው ቁልቁለቱ ግርጌ፣ ከብሎኬት አጥሩ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ተገጣጥሞ ቆሟል። ሟቹ የወደቀበት ሣር እንደተደፈጠጠ ነው። ከጎኑ ጎማ ይወተፍበት የነበረው ድንጋይ ተቀምጧል። ያን ያህል ብረት ሃያ ዓመት ያቆመ አይመስልም።

መርማሪዋ ከመኪና ወርዳ ማንንም ሳትጨብጥ ቀጥ ብላ ወደ ትራክተሩ ሄደች። ባልደረቦቿ «ብሎን» ይሏታል፤ አንዴ ከጠበቀች በመዶሻም አትላላም። አባቷ የአሮጌ መኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነበር። ፊደል የቆጠረችው ትንሽ ነው፤ ብረት ግን በእሱ መደርደሪያ ስር ቁጭ ብላ በደንብ ቆጥራለች።

«እስኪ ንገረኝ» አለችው ወጣቱን ፖሊስ።

«ትራክተሩ ሞተሪኖ የለውም፤ በግፊ ነው የሚነሳው። ማታ አፉን ወደ ቁልቁለቱ አዙረው፣ አንደኛ ማርሽ አስገብተው፣ ከፊት ጎማው ስር ድንጋይ ወትፈው ያቆሙታል። ጠዋት ሟቹ ድንጋዩን ሲያነሱ ማርሹ ይዞ ያቆየዋል፤ ይወጡና ፍሪሲዮን ረግጠው፣ ሲንደረደር ለቀው ያስነሱታል። ሰኞ ማታ ያቆመችው ልጃቸው ናት። ማርሽ ሳታስገባ ገብታ ተኛች። ማክሰኞ ጠዋት ድንጋዩን ሲስቡ ወጣባቸው።»

«ማርሹ አሁን የት ነው ያለው?»

«አንደኛ ላይ። ግን ዜሮ ላይ ነበረ፤ ልጅቷ ሮጣ ደርሳ ጥፋቷን ለመሸፈን አስገባችው ይላል ምስክሩ።»

«ማነው እሱ ዐይናማ?»

«መካኒኩ።»

ብሎን ወጥታ የማርሹን ዘንግ በእጇ ነቅነቅ አደረገችው። አንደኛ ላይ ጥርቅም ብሏል። ወረደችና አራት ፖሊሶች ጠርታ «ወደኋላ ግፉት» አለች። ትራክተሩ እንደ ሕፃን ጋሪ ሸርተት አለላቸው።

«ማርሽ ገብቶ ነው እንዴ የሚሄደው?» አለ ወጣቱ ግራ ገብቶት።

«አየህ? ልጅቷ አስገባች አላስገባች ለዚህ ብረት ግድም የለው! ሁለት ቀን ሙሉ ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅሙ ነበር። ነገ እስር ቤት ልትከቷት ነበር አይደል?»

ወጣቱ ደብተሩን አውጥቶ የጻፈውን ሰረዘ።

ልጅቷን ያገኘቻት ከቤቱ ጀርባ፣ የዘር ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ነው። ዘመድ ሁሉ ሳሎን ተቀምጧል፤ እሷ ጋ የመጣ የለም። ዐይኗ አብጧል፤ ድምፅዋ ግን የለቅሶ ሳይሆን የቁጣ ነበር።

«አስገብቻለሁ! ስንቴ ልንገራችሁ? አንደኛ ነው ያስገባሁት! እናቴ እንኳ ‹አባትሽን በላሽው› ብላ ፊቷን አዞረችብኝ።»

«እኔ አላዞርኩም። ተቀመጪ ልጄ።»

«ድሮም እግርሽ አይረባም እያሉ...»

«ማነው የሚልሽ?»

«አጎቴ ነዋ፣ የአባቴ ታናሽ። ድንጋያማውን ማሳ እኔ ሳርሰው አንደኛ ማርሽም ይፈጥንብኛል፤ ማረሻው ድንጋይ መትቶ ይሰበራል። እሱ ሲይዘው ያው ትራክተር እንደ ኤሊ ነው የሚሄደው። ‹ፍሪሲዮን የሚረግጥ እግር የለሽም› ይለኛል። አባቴ ግን እሑድ ዕለት ሁላችንም በተቀመጥንበት ‹ከዘንድሮ ጀምሮ ማሳውም ትራክተሩም የሷ ነው› አለ።»

«አጎትሽ ምን አለ?»

«ምንም። ተነስቶ በሩን ሊዘጋ ወጣ። ማታ ማታ ግቢውን የሚቀረቅረው እሱ ነው።»

ብሎን ተመልሳ ትራክተሩ ስር ተንጋለለች። በሞተሩና ማርሽ በሚቀየርበት በካምቢዮው መሃል አንድ የብረት ሳጥን ተሰክቷል። የትራክተሩ ብሎኖች ባለ ትልቅ ራስ ናቸው፤ የሳጥኑ ግን ትንንሽ። የፋብሪካ ቁጥርም የለበትም። ሰውነቱ በአሮጌ ዘይትና አፈር እንደ ሬንጅ ተለስኗል። ከጎኑ ብቻ አውራ ጣት የምታህል፣ አራት ማዕዘን ጉጥ ብቅ ብላለች። እሷ ንጹሕ ናት፤ ግራሶ ተቀብታለች።

«አንተ የዚህ ትራክተር ልጅ አይደለህም» አለችው ሳጥኑን። «የእንጀራ ልጅ ነህ።»

መካኒኩ ሰፈሩ «እጀ ወርቅ» የሚለው፣ ቱታውን የማያወልቅ ሰው ነው። ሳጥኑን ስታሳየው ትከሻውን ነቀነቀ።

«ሲገዙት አብሮ የመጣ ነው እትዬ። መጽሐፉ ላይ የለም። ማንቀሳቀሻም የለው። ያላወቅኩትን አልነካም።»

«ካምቢዮውንስ?»

ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ። «እሱን... ከሁለት ሳምንት በፊት ፈትቼ ገጥሜዋለሁ።»

«መጀመሪያ የደረስከው አንተ ነህ። ማርሹ የት ነበር? ደግሞ ልብ በል፤ አሁን ገፍቼው መጥቻለሁ።»

ቱታውን በሁለት እጁ ጨበጠ። «አንደኛ ላይ ነበር። ማርሽ ገብቶ ከሄደ፣ የገጠምኩት ካምቢዮ ገደላቸው ሊሉኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ዝም አይነቅዝም ብዬ...»

«ዝም መች አልክ! ዜሮ ላይ ነበር ብለህ መሰከርክ እንጂ! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! እሷ ገና አባቷን ሳትቀብር!» ብሎን የቱቦ መፍቻ አውጥታ ጫማው አጠገብ ወረወረችው። «ና፣ እጅህ ወርቅ ከሆነ ሞተሩን በእጅህ አዙርልኝ።»

የኋላ ጎማውን በክሪክ አንስተው በጠመኔ ምልክት አደረጉበት። ጉጧ መሃል ላይ እንዳለች መካኒኩ ሞተሩን ቢያዞር ቢያዞር ጎማው ንቅንቅ አላለም። ብሎን ጉጧን በመፍቻ ወደ ፊት ጠመዘዘቻት፤ ጎማው ሩብ ዙር ለመዞር ሞተሩ ሃያ አምስት ጊዜ ዞረ። ወደ ኋላ ጠመዘዘቻት፤ ያችው ሩብ ዙር ሃምሳ ፈጀች። መካኒኩ እያለከለከ ተቀመጠ። «እኔ አላወቅኩም ነበር» አለ። እንዳላወቀ ደግሞ ፊቱ ይመሰክር ነበር።

አጎትየው በሩ ጋ ቆሞ ነበር፤ እጁ ላይ የበር መቀርቀሪያው የብረት ዘንግ አለ።

«ጋሼ፣ ያ ከስር የተለጠፈው ሳጥን ምንድነው?»

«እሱ? የዘይት ፓምፕ ነበር። ከሞተ ቆየ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ሁሉንም ቁልቁለቱ ላይ ሰበሰበቻቸው፤ ልጅቷን፣ እናቷን፣ አጎቷንና መካኒኩን።

«ይህ ሳጥን» አለች፣ «በካምቢዮ ላይ የተጨመረ ሁለተኛ ካምቢዮ ነው። ፋብሪካው አልሠራውም፤ የቀድሞው ባለቤት አስገጥሞታል። ወደ ፊት ሲሆን ትራክተሩ እንደ ወትሮው ይሄዳል። ወደ ኋላ ሲሆን በግማሽ ፍጥነት እንደ ኤሊ ይሄዳል፤ ለድንጋያማ መሬት። መሃል ላይ ሲሆን ግን ሞተሩና ጎማው ይፋታሉ። ያኔ አንደኛም አስገባ አምስተኛ፣ ዋጋ የለውም፤ ድንጋይ ብቻ ነው የያዘው። ሟቹን የገደለው መሃል ነው። ልጅቷ ያስገባችው ማርሽ እስከ ዛሬ እንደገባ ነው።»

እናትየው አፏን በእጇ ያዘች።

«መካኒኩ ዋሽቷል፤ ግን ፈርቶ ነው፤ የሳጥኑን ሥራ አያውቅም። የሚያውቀው ሲያርስበት የኖረ ሰው ነው። በአንድ ትራክተር፣ በአንድ ማርሽ፣ እሷ ስትነዳው ጥንቸል ጋሼ ሲነዱት ኤሊ የሆነው በእግር ጉዳይ ነው?» ወደ አጎትየው ዞረች። «እስኪ ዘንጉን ያውሱኝ።»

«የበር መቀርቀሪያ ነው። ማንም ያነሳዋል።»

«ማንም ያነሳዋል። ማታ ግን ሁሉ ከገባ በኋላ ግቢው ውስጥ ይዞት የሚቀረው አንድ ሰው ነው።»

የዘንጉ ጫፍ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ነበረው። ጉጧ ላይ ስትሰካው ቀጭ ብሎ ገባ።

«ፓምፕ ነው አሉኝ። የሞተ ፓምፕ ግራሶ የሚቀባው ማነው? ጉጧን ከመሃል እንዳይመልሷት ደግሞ ማክሰኞ ፖሊስ ትራክተሩ ያለበትን ዘጋው።» ያኔ «እርስዎ» ማለቷን ተወችው። «አንተ ነህ።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት!» ብሎ ጮኸ አጎትየው። «ያንን ድንጋይ ያረስኩት እኔ! ያለ እኔ የማይታረስ መሬት ነው ሲባል ኖሮ በአንድ እሑድ ‹የሷ ነው› አለ! እኔ ምን ነኝ? በሬው ነኝ?»

«ያለ አንተ የማይታረሰው አንተ ስለደበቅከው ነው!» አለች ልጅቷ። «ብትነግረኝ ምን ነበረበት? አባቴም ይኖር ነበር፣ አንተም ታርስ ነበር! ስንት ማረሻ ሰብሬ ስንት ቀን አለቀስኩ! ቆመህ ስትስቅብኝ!»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲሄዱ እናትየው እጇን ወደ ልጇ ዘረጋች። ልጅቷ አየቻት፤ አልያዘችውም።

«ጊዜ ስጪኝ እማዬ» አለች። «አሁን አልችልም።»

ዘንጉ ማስረጃ ሆኖ ከብሎን ጋር ሄደ። በሳምንቱ መካኒኩ አዲስ ዘንግ በይዶ ይዞ መጣ። ልጅቷ ደህና ዋልክም አላለችው፤ ከእጁ ነጠቀችውና ትራክተሩን አስነስታ ድንጋያማው ማሳ አፋፍ ላይ ወሰደችው። ጉጧን ወደ ኋላ ጠመዘዘች፤ አንደኛ አስገባች፤ ፍሪሲዮኑን ለቀቀች።

ትራክተሩ እንደ ኤሊ ተንፏቀቀ። ማረሻው ድንጋዩን እየዳሰሰ አለፈ። አንድም አልተሰበረም።

ማሳው ጫፍ ስትደርስ አቆመችና እዚያ የሌለ ሰው የሚሰማት ይመስል፣ ሳንባዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች፤

«እግሬ አልነበረም!»