ቁጥር የሌለው ሞተር

በአሜሪካዋ የመኪና ከተማ ፍሊንት ውስጥ ሰው ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አባትህ የትኛው ፋብሪካ ነበር?» ብሎ ነው። ዋንዳ ፕሩሳክና ኤልሮይ ግን እዚያም ሳይደርሱ ነው የተጨቃጨቁት። የመለዋወጫ ገበያው ላይ በረድፍ በተዘረጋው አሮጌ ብረት መካከል ስታልፍ ከአንድ ፒክአፕ ስር ሁለት ረጃጅም እግሮች ወጥተው አየች።

«አንቺ ባለ ቀይ ጫማ! ባትሪውን አንሺና አብሪልኝ እስቲ!»

«ረዳትህ መሰልኩህ?»

«ረዳትማ ቢኖረኝ አንቺን እለምን ነበር? ከፍ አድርጊው። ኧረ ወደ ግራ!»

እየተናደደች አበራችለት። ሰውዬው በትንሽ መስታወት ከሞተሩ ጀርባ ያለውን ቁጥር አንብቦ ሲወጣ ግንባሩ ላይ የዘይት መስመር ነበረበት። ልትነግረው አስባ ተወችው።

«መኪናው የስልሳ ሁለት ነው፤ የሞተሩ ብረት በስልሳ ስምንት ቀልጦ የተሠራ» አለ እየሳቀ። «ባለቤቱ ደግሞ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው ብሎ ይምላል። ሞተር ከመኪናው ቀድሞ ይወለዳል፤ ልጅ ከእናቱ ይቀድማል እንዴ?»

ዋንዳ አልሳቀችም። ዓይኗ ግን ከፊቱ ላይ አልተነሳም፤ እሱም አያት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ኤፍ ሦስት አሥራ ሁለት ሲ የሚል አይተህ ታውቃለህ?» አለችው።

ኤፍ ማለት ፍሊንት ነው። ሦስት ማርች፣ አሥራ ሁለት ቀኑ፤ ሲ ደግሞ የሞተሩ ዓይነት። በሞተር ፋብሪካው ውስጥ ያን ቁጥር ብረቱ ላይ በመዶሻ የመታው የዋንዳ አባት ስታን ነበር። ስታን በሃምሳ ሰባት አዲስ ሸቭሮሌት ገዝቶ ኮፈኑን ቢከፍት የራሱ እጅ ሥራ ቁጭ ብሎ ጠበቀው። ሙሽሪቱንም በዚያው መኪና አመጣት። በኋላ ታናሽ ወንድሙ ሞተሩን ለእሽቅድምድም ብሎ አወጣውና ሸጠው፤ ወንድምየውም ሞተ፣ ሞተሩም የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ።

ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ስታን ያን መኪና በየእሑዱ ይወለውለዋል፣ ሌላ ሞተር ግን አያስገባበትም። ቁጥሩን ለሰው ሁሉ ስለሚያወራ ሦስት ነጋዴዎች በተለያየ ጊዜ «ሞተርህን አገኘንልህ» ብለው መጡ። ሦስቱም ቁጥሩን ራሳቸው መትተው ነበር። እና ኤልሮይ ደግሞ ሥራው ምንድን ነው? አሮጌ ሞተር መለየትና መሸጥ!

«የሞተር ነጋዴ?» አለ ስታን፣ ዋንዳ በበጋው መጨረሻ ከኤልሮይ ጋር ተዋደናል፣ ልንጋባ ነው ስትለው። «ልጄ፣ ከዚህ ሁሉ ወንድ ሌባ መርጠሽ መጣሽ?»

ይኼ ብቻ ቢሆን ጊዜ ይፈታው ነበር። ሐኪሙ ግን የስታን ልብ ሐሙስ ዕለት መከፈት አለበት አለ። ዋንዳ እንቅልፍ አጣች። ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች።

«አባዬ አዝኖብኝ ገብቶ ሳይወጣ ቢቀር» አለችው ኤልሮይን፣ «አንተን ባየሁ ቁጥር የማየው እሱን ነው። አላገባህም፣ ኤልሮይ። እወድሃለሁ፣ ግን አልችልም።»

ኤልሮይ የስታንን ሞተር ፍለጋ የገጠሩን ጎተራ ሁሉ ማሰስ ጀመረ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከአንድ ገበሬ የተበላሸ ትራክተር ጀርባ፣ የዶሮ ላባ የለበሰ ሞተር አገኘ። ከኋላው ጎልቶ የወጣው ጽሑፍ «ሲ 6 7» ይላል፤ እዚህ ሲ ማርች ነው፤ ብረቱ በሃምሳ ሰባት፣ ማርች ስድስት፣ የስታን ቁጥር ሊመታ ስድስት ቀን ሲቀረው ቀልጦ ተሠራ ማለት ነው። ቁጥሩ የሚመታበት ለስላሳ ቦታ፣ ከቀኙ የሞተር ክዳን፣ ከቴስታታው ፊት፣ ዝገት ወርሶታል። ከዝገቱ ስር ኤፍና ሦስት ብቻ ይታያሉ።

ወርክሾፑ አመጣውና ዝገቱ ላይ ዘይት አፈሰሰበት። «እስከ ነገ ይምጠጠው» አላት ዋንዳን። «ከዚያ በጨርቅ ብቻ እንጠርገዋለን።»

በማግስቱ የሞተር ማንሻ ሊዋስ ሄዶ ሲመለስ ዋንዳ ሞተሩ አጠገብ ተንበርክካለች። በእጇ የብርጭቆ ወረቀት ይዛለች፤ ጣቶቿ ቡናማ ሆነዋል። ብረቱ እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራል፤ ፊደል ግን የለበትም።

«የአባዬ ዓይን ደክሟል» አለች። «ጥርት ብሎ እንዲታየው ብዬ… ቁጥሩ ጠልቆ የተመታ መስሎኝ…»

ኤልሮይ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ከቁጥሩ ጋር የፋብሪካው መቁረጫ የሚተዋቸው ስስ መስመሮችም ጠፍተዋል። ከዚህ በኋላ የዓለም አዋቂ ሁሉ ቢሰበሰብ ይኼ ብረት ምን እንደነበር አይናገርም።

«የቁጥር መምቻ አለህ» አለች ዋንዳ። «ምታው።»

«ዋንዳ…»

«ምታው! አንድ ቁጥር ነው! ነገ ማታ ሆስፒታል ይገባል!»

ሳጥኑን ከፈተ። የኤፍ ፊደሏን መምቻ አውጥቶ ብረቱ ላይ አቆማት፤ መዶሻውንም አነሳ። መዶሻው አየር ላይ ቆይቶ ቀስ ብሎ ወረደ።

«አልችልም» አለ።

«እንግዲያው እኔን አልፈለግከኝም!» ብላ አለቀሰች። እሱም አባበላት፣ አልሰማችውም፤ ቆይቶ አብሯት አለቀሰ። ያም ሆኖ ረቡዕ ጠዋት ሞተሩን እንዳለ ሊያሳዩት ፒክአፕ ላይ ጭነው ስታን ቤት ሄዱ።

ስታን በካፖርቱ ወጣ። የሰው ሰላምታ ሳይቀበል አውራ ጣቱን የተወለወለው ብረት ላይ አሳረፈ፤ ወዲያ ወዲህ አደረገው። ዋንዳ የኤልሮይን እጅጌ ጨብጣለች።

«ማነው ያሻሸው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

«አንዳችሁ ትዋሻላችሁ» አለ ስታን። እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ጎልቶ የወጣውን ጽሑፍ በጣቱ ዳበሰ። «ሲ… ስድስት… ሰባት። የኔ ነው?»

«የርስዎ ነው ብዬ መማል አልችልም፣ አቶ ፕሩሳክ» አለ ኤልሮይ። «ቀኑ ይገጥማል። ከዝገቱ ስር ኤፍና ሦስት አይቻለሁ። ሌላውን እግዜር ነው የሚያውቀው።»

«መምቻ የለህም?»

«አለኝ።»

«መዶሻስ?»

«አለኝ። ትናንት አንስቼ ነበር።»

«ታዲያ ምን ያዘህ?»

«እርስዎ በየእሑዱ ኮፈኑን ሲከፍቱ እኔ ዓይኔን የት አደርጋለሁ?»

ሽማግሌው ደረቱን ይዞ እስኪያስል ድረስ ሳቀ።

«ሦስት ሰው ሞተር አመጣልኝ፤ ሦስቱም ላይ ቁጥሬ እንደ ወታደር ተሰልፎ ነበር። እኛ ስንመታ አንዷ ፊደል ሳትንጋደድ ቀርታ አታውቅም! ቁጥር የሌለው ሞተር ይዞ ደጄ የቆመ ሞኝ ግን ከአንተ በፊት አላየሁም።» ከኪሱ የመኪናውን ቁልፍ አውጥቶ ወረወረለት። «ግጠመው። ከወጣሁ ቤተ ክርስቲያን የምወስዳት እኔ ነኝ። ካልወጣሁ…»

«አባዬ!»

«ዝም በይ። ካልወጣሁ አንተ ንዳው። ብቻ ቁጥር እንዳትመታበት።»

ሐሙስ ዕለት ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ ዋንዳና ኤልሮይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጥፍሯ ስር የቀረውን ዝገት እሱ በመሐረቡ ይጠርግላታል፤ እሷ በሩን ታያለች። የሚወጣ ነርስ ሁሉ መርዶ የያዘ ይመስላታል። በመጨረሻ ሐኪሙ ጭምብሉን አውርዶ ፈገግ ሲል ቃሉን እስኪጨርስ አልጠበቀችም፤ ኤልሮይ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

በጥቅምት ሙሽራዋን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስታን ራሱ ነዳ። በጣም ቀስ ብሎ፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ጥሩምባ እየነፋበት።

ዛሬም በየመኪና ትርዒቱ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ኮፈኑ ውስጥ አንገቱን አስገብቶ፣ «ቁጥሩ የታለ?» ማለቱ አይቀርም።

«ልጄ አጠፋችው» ይላል ስታን።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ይላል ኤልሮይ።

«ውሸቱን ነው፣ እኔ ነኝ!» ትላለች ዋንዳ።

ሽማግሌው ኮፈኑን ይዘጋና መሪው ጋ ይቀመጣል። እነሱ ከኋላ ወንበር ሆነው ቤት እስኪደርሱ ይጨቃጨቃሉ፤ እሱም ልቡንና ሞተሩን እያዳመጠ ይነዳል።