ሽማግሌው ይፍረድ

ነዳፊዋ ይሏት የነበረው የኮምፒውተር ፕሮሰሰር ቺፕ ስለምትነድፍ ብቻ አልነበረም፤ ምላሷም ይነድፍ ነበር። መሐንዲሱ ግን ስትነድፈው ይስቃል። መጀመሪያ የተያዩት አቧራ በማይገባበት የማምረቻ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሁለቱም ከራስ እስከ እግር በነጭ ልብስ ተሸፍነው ከዓይናቸው በቀር የሚታይ አልነበረም። ዓይን በቃቸው።

እሷ የንድፍ ክፍሉ ኃላፊ ስትሆን እሱ የአዲሱ ማምረቻ መስመር ኃላፊ ነው። ሠራተኞቹ መስመሩን «ጎረምሳው» ይሉታል፤ ፈጣን ነው፣ አመሉ ግን ገና አልታወቀም። ለዓመታት ሲሠራ የኖረውን አሮጌውን መስመር ደግሞ «ሽማግሌው» ይሉታል። አዲስ ንድፍ ድሮ የሚሞከረው በሽማግሌው ላይ ነበር። ችግር ቢፈጠር ጥፋቱ የንድፉ መሆኑ ወዲያው ይታወቃላ! በዚህ ዓመት ግን ገበያው አጣደፋቸውና አዲሱን ንድፍ ለጎረምሳው ሰጡት።

ቺፖቹ ወጡ። ሥራ ሲበዛባቸው ይግላሉ፤ ከዚያ ድርቅ ብለው ይቆማሉ።

ነዳፊዎቹ «ሙቀቱን ያልቻለው ጎረምሳው ነው» አሉ። የመስመሩ ሰዎች «ንድፉ ነው» አሉ። ሥራ አስኪያጁ ተቆጡ።

«ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይጣራ። የዚያ ክፍል ኃላፊ ሥራውን ይለቃል።»

ነዳፊዋና መሐንዲሱ ለመጋባት ቃል ከተገባቡ ገና ወር አልሞላቸውም ነበር።

ንድፏ በሽማግሌው ላይ ተሠርቶ እንዲሞከር የጠየቀችው ራሷ ነች። መሐንዲሱ ደረጃው ላይ ጠበቃት።

«ሳትነግሪኝ?»

«ብነግርህ ምን ትለኝ ነበር?»

«ትንሽ ጊዜ ስጪኝ እልሽ ነበር።»

«እኮ! እኔም እሰጥህ ነበር። ለዚህ ነው ያልነገርኩህ።»

«በኔ መስመር አላመንሽም ማለት ነው።»

«በንድፌስ መች አመንኩ? ሁለቱም አዲስ ናቸው፤ በአንዱም መማል አልችልም።»

መሐንዲሱ ደረጃውን ወረደ።

ሽማግሌው አይቸኩልም። ቺፖቹ እስኪደርሱ ሳምንታት አለፉ፤ ሁለቱም ሌላው ቀድሞ እንዲናገር እየጠበቁ ከረሙ። አንድ ቀን ብቻ ደወለላት።

«እማዬ ወዴት ጠፋችሁ ትላለች።»

«ነገሩ ሳይለይ ምን ፊት ይዘን እንሄዳለን?»

በሙከራው ጠዋት ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። ሽማግሌው የሠራው ቺፕ ቀርፋፋ ነው፤ ብዙም አይግልም። ሥራ ጫኑበት። ነዳፊዋ ስክሪኑ ላይ አፍጣ የምትመኘውን ማወቅ አቃታት። ካለፈ እሱ ይሄዳል፤ ከቆመ እሷ። መሐንዲሱ ከማዶ ግድግዳ ተደግፎ እሷን ብቻ ያያል።

ቺፑ ቆመ። እንደቀዘቀዘ፣ ድርቅ።

የቺፑን የሥራ መዝገብ ወደኋላ ሄዳ አየችው። ሁለት ትእዛዞች ሜሞሪው ጋ እኩል ሲደርሱ፣ በር ላይ እንደተገናኙ ጨዋዎች «አንተ ቅደም»፣ «የለም፣ አንተ ቅደም» እየተባባሉ እዚያው ቀርተዋል። ንድፏ ማን እንደሚቀድም አልወሰነም ነበር። ሙቀቱ ሥራ ሲበዛ አብሮ የመጣ እንግዳ እንጂ ጥፋተኛ አልነበረም።

«የኔ ነው» አለች። ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሼ። ቦታውን አግኝቼዋለሁ፤ ለሚተካኝ ሰው አሳየዋለሁ።»

መሐንዲሱ ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን ሆነሃል? ነጻ ወጣህ እኮ!»

«ማን ነጻ አውጡኝ አለ? ቺፑ እንዲያልፍልሽ ነበር የምለምነው።»

«እኔ ደግሞ እንዲቆም።»

ምኞቷን ያወቀችው ከአፏ ሲወጣ ነው። ኮሪደሩ መሃል እንደቆሙ፣ የሚያልፉ ሰዎች ዞረው አለፏቸው።

በማግስቱ አብረው ሲሄዱ፣ ነገሩን ቀድመው የሰሙት እናቱ በሩን ከፍተው፣ ገና ሳያስገቧቸው ጠየቁ።

«እሺ፣ የማን ጥፋት ሆነ?»

«የኔ፣ እማማ። ሥራዬንም ለቀቅኩ።»

እናትየው ልጃቸውን አዩት፤ እሷንም አዩ።

«ተመስገን!»

«እማዬ!»

«ምን እማዬ ትለኛለህ? አንተ ብትሆን ኖሮ ዓመት ሙሉ ነበር የምታኮርፈው። እሷ ይኸው ቆማ ተናገረች፤ አለቀ። ነይ ልጄ፣ ግቢ።»

ነዳፊዋ ልትስቅ ብላ እንባዋ አመለጣት። ሳምንታት ሙሉ ይዛው የነበረ እንባ ነው። ማንም ዝም በይ አላላትም። መሐንዲሱ አጠገቧ ተቀምጦ እስክትጨርስ ጠበቃት።