ለማየት ያፈሩት መኪና

በእኛ በፓናይ ደሴት ልጅህን ክርስትና ያነሳልህ ሰው እንደ ወንድምህ ነው። የሚሸጥልህን ዕቃ አገላብጠህ ካየህ «አላምንህም» እንዳልከው ይቆጠራል። ታላቅ ወንድሜ ዴልፊን አሥራ ስምንት ዓመት ያገለገለ ሚኒባስ የገዛው ከእንዲህ ያለ ሰው፣ ከአበልጁ ከሜልኮር ነበር። ከተራራው ሰፈራችን አትክልት እየጫነ ወደ ወደቡ ገበያ ሊያወርድበት፣ ልጁን አሊሳንም በዚያው ትምህርት ቤት ሊያደርስበት አስቦ ነበር።

ጎረቤታችን አኒሴቶ መካኒክ ነው። ዴልፊን ሊገዛ መሆኑን ሲሰማ «እስቲ አምጡልኝ» አለ፤ «በክሪክ አንስቼ ሻንሲውንና የፍሬን ቱቦውን ልይላችሁ፣ ምንጣፉንም ገልጠን ውሃ ገብቶበት እንደሆነ እናሽትተው።» አሮጌ መኪና አዲስ ቀለም ሲቀባ የበለጠ መጠርጠር እንደሚገባም ነገረን። እኔም ይህንኑ ለወንድሜ ደገምኩለት።

«ኮሌጅ የላክንህ ሰው መጠርጠር እንድትማር ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። «አበልጄ ቆሞ እያየኝ መሬት ላይ ተንጋልዬ የመኪናውን ሆድ ስመረምር ይታይህ። ከዚያ በኋላ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

እውነቱን ለመናገር እኔም ዝም አልኩ። በርክክቡ ዕለት ዴልፊን በሩን አንዴ ከፍቶ ዘጋ፣ የቀለሙን ማማር አደነቀ፣ ቁልፉን ተቀበለ። ከሰዓት በኋላ ቄሱ መኪናውን ጸበል ረጩልን። የቀረ ነገር ያለ አልመሰለንም።

በአራተኛው ሳምንት፣ ዝናብ እየጣለ አባትና ልጅ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ፍሬኑ አልይዝ አለ። ዴልፊን በግራ በኩል ያለውን ገደል ሸሽቶ መኪናውን በቀኝ ከተራራው ጋር አላተመው። እሱ ሁለት የጎን አጥንት ተሰበረበት። የዘጠኝ ዓመቷ አሊሳ የተቀመጠችበት ጎን ግን ተጨፈለቀ፤ ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ።

አኒሴቶ ተጎትቶ የመጣውን መኪና ሲፈትሽ ከምንጣፉ ሥር የደረቀ ጭቃ አገኘ። የፍሬኑ ቱቦ ዝገት በልቶት ተቀዷል። ለካ መኪናው ባለፈው ክረምት ጎርፍ ውስጥ ሁለት ቀን ቆሞ ኖሯል። ሜልኮር ይህን ያውቅ ነበር፤ ሆስፒታል መጥቶም አልካደም። «ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር፣ ሳይጠይቀኝ ሲቀር እኔም ማንሳቱ ከበደኝ፣ እዚህ ይደርሳል ብዬም አላሰብኩም» አለ። ወንድሜ አልሰደበውም። እኔ ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር፤ የራሴ ዝምታ ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

አሊሳ በክራንች መሄድ በለመደች ሰሞን ሜልኮር ማንጎ ይዞ ሊጠይቃት መጣ። እሱ በተቀመጠበት ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ፣ ስትገዛው ሥሩን ለምን አላየኸውም?»

«አፍሬ ነው ልጄ።»

«ማንን?»

ሜልኮር አንገቱን ደፍቶ፣ «እኔን» አላት።

ባለፈው ወር ሜልኮር ሞተር ብስክሌቱን ለእህቱ ባል ሲሸጥ ራሱ እየገፋ አኒሴቶ ዘንድ ወሰደው። ሰውየው ሲሽኮረመም፣ «ተንበርከክና እይ፤ ካላየህ አልሸጥልህም» አለው።

እናንተም አሮጌ መኪና ስትገዙ ሻጩ ወንድማችሁ ቢሆን እንኳ መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። ስትሸጡም እስክትጠየቁ አትጠብቁ። አሊሳን እግሯን ያሳጧት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ የተፋፈሩ ሁለት ደግ ሰዎች ናቸው።