ሰኞ ይምጡ

ኢንስፔክተር እህተማርያም ለአቶ ነጋ የሰጠቻቸው ቀጠሮ ሰኞ ጥር 18 ቀን 2007 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። በዚያው ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኳ ጮኸ። አቶ ነጋ በሚሠሩበት ትምህርት ቤት፣ በሪከርድ ክፍላቸው ውስጥ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኝተዋል።

ስልኩን ዘግታ ማስታወሻ ደብተሯን ገለጠች። «ነጋ፣ ሰኞ፣ 3፡00» ይላል በራሷ እጅ ጽሕፈት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ጣቢያ መጥተው ነበር። «አንድ ያሳደግሁት ሰው አጥፍቷል። ብናገር ኑሮውን ማፍረሴ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ ሌላ ሰው ተበድሎ ይቀራል» አሏት። እሷ ዘንገና አካባቢ በድንበር የተጣሉ ገበሬዎች ዘንድ ለመሄድ አንድ እግሯን መኪናው ላይ አድርጋለች። «ሰኞ ይምጡ» አለቻቸው። እሳቸውም አመስግነው ሄዱ፤ ምስጋናቸው ነው አሁን ያሳፈራት።

የሪከርድ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ወንበር፣ ግድግዳውን ሞልቶ የተደረደረ ፋይል። ከጠረጴዛው ሥር አመድ ብቻ የቀረው የከሰል ምድጃ ተቀምጧል። አቶ ነጋ ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ አጣጥፈው ግንባራቸውን አሳርፈውበታል። ሐኪሙ ቅዳሜ ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ መሞታቸውን ነገራት።

«የከሰል ጭስ ነው። መጀመሪያ ያስተኛል፣ ከዚያ አይቀሰቅስም» አለ።

ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ስለሚኖሩ እሑድን ሙሉ የት ገቡ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

«የታወቀ ነገር ነው» አለ ረዳቷ ሳጅን ሸጋ። «የእንጅባራ ብርድ ከሰል ያስገባል፣ ከሰሉ ሰው ያስወጣል። ምድጃውን ያቀጣጠለችው የጽዳት ሠራተኛዋ ይመኙሽ ናት። ራሷም ገደልኳቸው እያለች ስለሆነ ጣቢያ ወስደናታል።»

«ጥፋተኛ ነኝ ያለ ሁሉ የሚታሰር ቢሆን እኔም አብሬያት እገባ ነበር» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። መቀርቀሪያው ከላይ ነው፣ ዝጓል። በእግሯ ጣት ቆማ ሞከረችው። በአንድ እጅ መዝጊያውን ወደ ራስ ካልሳቡ በሌላው እጅ መቀርቀሪያውን መግፋት አይቻልም። ከታች፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ አቧራ ያልነካው የሁለት ጣት ስፋት ቦታ አየች፤ አንድ ነገር ለዓመታት የተቀመጠበት ይመስላል። ከኪሷ ቆሎ እየቆረጠመች ክፍሉን አሰሰች። ያ ነገር የተገኘው ከፋይሎቹ ሁሉ ላይ፣ ከመደርደሪያው ጫፍ ነው፤ አንድ ስንዝር የምትሆን፣ ከመያዝ ብዛት የጠቆረች ቀርከሃ።

ይመኙሽን ጣቢያ ሄዳ አገኘቻት። አምሳውን ያለፈች አጭር ሴት ናት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅልላ በአዊኛ ለራሷ ታወራለች።

«እትዬ ይመኙሽ፣ ከሰሉን መቼ አደረጉላቸው?»

«ሰባት ሰዓት ላይ ነው ልጄ። ገበያ ልወርድ ስል ትኩስ ጨመርኩላቸው፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለስኩም። በደንብ እስኪነድ ቆሜ መጠበቅ ነበረብኝ፤ ቸኮልኩ። እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

«መስኮቱስ?»

«ክፍት ነበር። ያቺ ቀርከሃ መሐል ገብታ ትይዘዋለች። እሷ ከሌለች ከሰል አላስገባም፤ እሳቸውም እሺ አይሉም።»

«ሲበርዳቸው ራሳቸው ዘግተውት ይሆን?»

«በምን እጃቸው? በወጣትነታቸው ከፈረስ ወድቀው ቀኝ ክንዳቸው ከትከሻ በላይ አይነሳም። ጠዋት የምከፍተውም ማታ የምዘጋውም እኔ ነኝ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ።»

የእህተማርያም እስክሪብቶ ቆመ። በዚያ ክፍል ያለው አንድ ወንበር ነው፤ እሱም ሟቹ የተቀመጡበት ነው። ይሁን እንጂ ሳጅኑ በቸልተኝነት ሰው መግደል የሚል መዝገብ ከፍቷል፤ ሌላ ሰው ካልተገኘ ይህቺ ሴት ራሷ በሰጠችው ቃል ይፈረድባታል።

ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰች። መጀመሪያ ያነጋገረችው ምክትል ርዕሰ መምህሩን አቶ አሳምነውን ነው። ከግምጃ ቤት ከተማ ተዛውረው የመጡት መስከረም ላይ ነው፤ በሩን ሲያልፉ አንገታቸውን ደፋ የሚያደርጉ ረጅም ሰው ናቸው።

«ሐሙስ ተጣልተናል፤ አልደብቅም» አሉ። «የወንድሜን ልጅ ትራንስክሪፕት ቶሎ አውጡልኝ አልኳቸው፤ ተራውን ይጠብቅ አሉኝ። ጮህኩባቸው። በብስጭቴ ቅዳሜም ገብተው እንዲሠሩ አዘዝኩ። ባላዝ ኖሮ ቤታቸው ነበሩ።»

«ቅዳሜ ከሰዓት እርስዎስ የት ነበሩ?»

«ቢሮዬ። ብቻዬን።»

«ኮምፒውተር ይችላሉ?»

«እኔ የምችለው ፊርማ ነው። የሚጻፈውን ጸሐፊዋ ዮዲት ትጽፋለች።»

የኮምፒውተር መምህሩን ሰውነትን ደግሞ ከሪከርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ፊት አቀርቅሮ አገኘችው። ማሽኑ ሲበራ ጥቁር ገጽና አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍ ብቻ ያሳያል።

«አልነሳ አለ» አላት። «ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ድንገት ሄዷል። ያኔ ተጎድቶ ይሆናል።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«ሜዳ ላይ፤ ለጥር ሃያ ሦስት የፈረሰኞች በዓል እየተለማመድን። አቶ ነጋ ‹ኮምፒውተሩ እየዘገየ አስቸግሮኛል፣ ቅዳሜ ብቅ በል› ብለውኝ ነበር። እሺ ብዬ ቀረሁ።» ዓይኑን ከማሽኑ አላነሳም። «ብመጣ ኖሮ በሩን እከፍተው ነበር።»

«የያዘው ሁሉ ጠፍቷል?»

«እስከ ነገ ጊዜ ይስጡኝ።»

የመጨረሻዋ ዮዲት ነበረች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ መለሎ፤ ለቅሶ ዓይኗን አሳብጦታል። አባቷ አቶ ውዱ ግምጃ ቤት ገበሬ ናቸው። ዘጠነኛና አሥረኛን ከዚያም የጽሕፈት ሥልጠናዋን ስትማር፣ ሦስት ዓመት የኖረችው አቶ ነጋ ግቢ ውስጥ ነው።

«አባቴ ማለት ናቸው» አለች። «ቅዳሜ ምሳ ልወስድላቸው አስቤ ነበር። ልብስ ሳጥብ ዋልኩ።»

«ኮምፒውተራቸው ተበላሽቷል። የጻፉት ነገር ካለ ሰውነት ለማውጣት እየሞከረ ነው።»

«በከንቱ ነው የሚደክመው። ያ ማሽን ከተማሪዎች ኮምፒውተር ላብራቶሪ የመጣ ነው። ተማሪ እንዳያበላሻቸው ተብሎ የላብራቶሪው ማሽኖች ሁሉ ፍሪዝ ተደርገዋል፤ ጠፍተው ሲበሩ የዋሉበትን ይረሳሉ። እኛም በእነሱ ነው የተማርነው። ወጥተን ስንሄድ ሪስታርት ማድረግ ነው፤ ፍላሽ ያልያዘ ሰው የጻፈው ይቀልጥበታል።»

«አቶ ነጋ ፍላሽ ነበራቸው?»

«አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉት ነበር።»

በአስከሬኑ አንገት ላይ ፍላሽ አልተገኘም። እህተማርያም ይህን አልነገረቻትም፤ አመስግና ሸኘቻት። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚለውን አባባል አባቷ ዳኛ በነበሩ ጊዜ ዕለት ዕለት ሲሉት ሰምታለች።

ማክሰኞ ጠዋት ሰውነት ጠራት።

«ኅዳር ላይ ከዚህ ማሽን ፍሪዙን አንስቼ ሌላ ፕሮግራም ጭኜበት ነበር» አላት። «ስናፕሾት ይባላል። ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር የዚያን ሰዓት መልኩን እንዳለ ፎቶ አንስቶ ዲስኩ ጥግ ያስቀምጣል። ሲበላሽ አንዱን ፎቶ መርጦ ወደዚያ ሰዓት መመለስ ነው፤ ፋይሎቹም እንደነበሩ ይመጣሉ።»

«ቅዳሜ ስንት ፎቶ አነሳ?»

«ሁለት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ ሲከፈት። ከዚያ ደግሞ» ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ፤ «ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ።»

«በዚያ ሰዓት መብራት ነበር?»

«ነበር። እስከ ዘጠኝ ተኩል አልሄደም። ሰው ነው ሪስታርት ያደረገው።»

«ወደ ሁለተኛው መልሰው» አለች። ማሽኑ አሥር ደቂቃ ያህል አጉረመረመ፤ ከዚያ የአቶ ነጋ ገጽ ተከፈተ። መሐሉ ላይ ሰባት ሰዓት ከአምሳ ላይ የተቀመጠ አንድ ደብዳቤ ነበር። እህተማርያም እስከ መጨረሻው አነበበችው።

ከቀትር በኋላ አራቱንም በዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ይመኙሽን ሳጅን ሸጋ ከጣቢያ አመጣት። ቀርከሃዋ ጠረጴዛው ላይ ናት።

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ብላ ጀመረች። «ሁላችሁም ጥፋተኞች ነን ብላችሁኛል፤ አምኛችኋለሁም። መስኮቱን የዘጋው እጅ ግን አንድ ነው። አቶ ነጋ አልዘጉትም፤ መቀርቀሪያው ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ የእሳቸው አንዱ አይነሳም። እትዬ ይመኙሽም አይደሉም፤ ወንበር ያስፈልጋቸዋል፣ ወንበሩም ተይዟል። ቀርከሃዋም ከመደርደሪያው ጫፍ ላይ ተገኘች። የዘጋው ረጅም ሰው ነው።»

አቶ አሳምነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔም ሰውነትም ዮዲትም ረጃጅሞች ነን።»

«ልክ ነዎት። ስለዚህ ወደ ኮምፒውተሩ እንሂድ። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ አንድ ሰው ሪስታርት አድርጎታል፤ ፍላሹንም ከአቶ ነጋ አንገት ወስዷል። ደብዳቤውን በእጁ ግን አላጠፋውም። ሪስታርት ብቻ ነው ያደረገው፤ ማሽኑ እስኪነሳ እንኳ አልጠበቀም። ለምን? ማሽኑ ራሱ ይረሳል ብሎ ስላመነ። ሰውነት እንዲህ ሊያምን አይችልም፤ ፍሪዙን ያነሳው እሱ ነው። ቅዳሜም ሜዳ ሙሉ ሰው አይቶታል። አቶ አሳምነው፣ የአዲሱን ፕሮግራም ወረቀት ማን ፈረመ?»

«እኔ። ከእንግዲህ ምንም አይጠፋም ብሎ ሰውነት አስረድቶኛል።»

«ኅዳርን ሙሉ እዚህ ያልነበረው ማን ነው?»

መልሱ ከይመኙሽ መጣ፤ ሳታስበው ነው ያወጣችው። «ዮዲት እናቷ ታመው ግምጃ ቤት ነበረች።»

ሁሉም ወደ ዮዲት ዞሩ። እሷ ቀርከሃዋን ታያለች።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች እህተማርያም፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ወጥተን ስንሄድ ሪስታርት ማድረግ ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ፤ በዚህ ቤት እንደዚያ የለመደና የተለወጠውን ያልሰማ ሌላ ሰው የለም። ሰውነት፣ አንብበው።»

ሰውነት አነበበ። ድምፁ መንገድ ላይ ይቆራረጥ ነበር።

«ለክብርት ኢንስፔክተር። ጉዳዩ፦ የዮዲት ውዱን የውጤት ለውጥ ይመለከታል። ዮዲት ውዱ የድሮውን የውጤት ሮስተር ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጥ ሠላሳ ስምንት የነበረውን የሒሳብ ውጤቷን ስልሳ ስምንት አድርጋለች። የሒሳብ መምህሩ የድሮ ማርክ ሊስት እጄ ስለገባ አረጋግጫለሁ። በዚህም የተነሳ ለሌላው ተወዳዳሪ ለምህረቴ የሚገባውን ቋሚ የሥራ ቦታ ይዛለች።»

ሰውነት ወደሚቀጥለው ገጽ ወረደ።

«ሆኖም ሳላመሳክር የፈረምኩት እኔ ስለሆንኩ ቅጣት ካለ የእኔ ይሁን። ሰኞ ልጅቷን ራሴ ይዣት እመጣለሁ፤ በራሷ አንደበት ትናገር። ቦታው ለምህረቴ ይመለስ። ዮዲት ግን ለፈተናው እንደገና እንድትቀመጥ ይፈቀድላት ዘንድ እለምናለሁ። ሦስት ዓመት ግቢዬ ኖራለች፣ አውቃታለሁ። ያደረገችው ፈርታ እንጂ ክፉ ሆና አይደለም።»

«ይሄ አልነበረም» አለች ዮዲት። «እኔ ያየሁት የላይኛውን ብቻ ነው።»

እሷ ቀጠለች፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ ቀስ ብላ።

«ምሳ ይዤላቸው ነው የመጣሁት። አንቀላፍተው ነበር። ስሜን ስክሪኑ ላይ አየሁ። ማሽኑ ይርሳው ብዬ ሪስታርት አደረግኩት፣ ፍላሹን ወሰድኩ። ከዚያ መስኮቱን ዘጋሁ። ብርድ እንዳይመታቸው ነው አልኩ ለራሴ። እስከ በሩ ድረስ አመንኩት። ከበሩ ወዲያ ግን አላመንኩትም፤ ቢሆንም አልተመለስኩም። ምሳውንም ይዤው ሄድኩ።»

ይመኙሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ሳጅን ሸጋ ወደ ልጅቷ ሲጠጋ እሷ ኢንስፔክተሯን ቀና ብላ አየቻት።

«ዓርብ እርስዎ ዘንድ እንደሚሄዱ ነግረውኝ ነበር። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። ምን አሏቸው?»

እህተማርያም ለዚህ መልስ መስጠት ግዴታዋ አልነበረም። የተጠርጣሪ ጥያቄ መዝገብ ውስጥ አይገባም።

«ሰኞ ይምጡ አልኳቸው» አለች።

ዮዲትን ይዘዋት ወጡ። አቶ አሳምነውና ሰውነት ግድግዳውን ተደግፈው እንደቆሙ ቀሩ፤ እህተማርያምም ደብተሯን ዘግታ መሄድ አቃታት። ይመኙሽ ግን ነፃ መሆኗን ገና ማንም ሳይነግራት ወንበሩን ወደ መስኮቱ ጎተተች፣ ወጣችበት፣ በሁለት እጇ መቀርቀሪያውን አላቀቀች፣ ቀርከሃዋንም ከቦታዋ መለሰች።